ሁለት እጅ ለአሚን

ምርቃት የሚያስፈራው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ። ከሐይቅ ወደ አምባሰል ቆላ፣ ፍል ውሃ ልታጠብ፣ ሰይድ ከሚባል ሞተረኛ ኋላ ተፈናጥጬ ሄድኩ። ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ፣ ሲመርቁት በአንድ እጅ አሚን ማለት ነውር ይመስለዋል። ገደል አፋፍ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «አላህ በሰላም ያግባችሁ» ሲሉን፣ መሪውን ለቆ ሁለቱንም መዳፎቹን ዘረጋ። ሞተሩ ወደ ገደሉ አዘነበለ።

«ኧረ ሰይድ፣ መሪውን ያዝ!»

«አብሽር፣ ዱዓ እየተደረገልን ምን እንሆናለን?»

ፍል ውሃው ውስጥ ገብቼም መንቀጥቀጤ አልተወኝም። የመንገዱን ነገር ስነግራቸው ታጣቢዎቹ አዝነውልኝ ለመልስ መንገዳችን ረጅም ዱዓ አደረጉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ የሚመርቀን ሰው እንዳይገጥመን ፈጣሪን ለመንኩ፤ ያውም በሆዴ። ሰይድ ከሰማኝ አሚን ማለቱ አይቀርማ።