በአጎቴ አፍ የተገራ ፈረስ

ጉረኛ የሌለበት ቤተሰብ ልጅ አይድርም! አትቆጡ፤ ምክንያት አለኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲያጋንን «ጉራውን ነዛ»፣ «ጉራውን ቸረቸረ» እንለዋለን፤ «በምላሱ ጤፍ ይቆላል» ብለን እንስቅበታለን። ያንኑ ጉራ ግን ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ስለ ሌላ ሰው ሲነዛው… ስሙ ምስክርነት ይሆናል። አሜንም ይባልለታል!

እኔ አምቦ ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የጊንጪዋን ብርቱካን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ፣ ዋናው ተናጋሪ አጎቴ ኦቦ ደሜ ነበሩ። ኦቦ ደሜ ማለት… ጎረቤት ሲያስነጥስ ነጎድጓድ ነበር ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። ከጊንጪ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ተሳካ፣ ጋሼ?»

«ተሳካ ወይ ትላለህ? አባትየው ኦቦ ቶለሳ አንድ ፈረስ አላቸው፤ የጭልሞን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚያብድ! ስለ እሱ ሲያወሩ አላስችል አለኝና…»

«አላስችልዎ አለና?»

«‹የኛ ልጅማ እንዲህ ያለውን ቁርስ ሳይበላ ነው የሚገራው› አልኳቸዋ!»

«ጋሼ! እኔ እኮ አህያ ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም!»

«ትማራለሃ! ኦቦ ቶለሳ በደስታ ‹እንግዲያው የሠርጉ ዕለት በኔ ፈረስ ጊንጪን ዞሮ ልጄን ይውሰድ› ብለዋል።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው! እውነቱን እንዳልናገር፣ የሽማግሌ ቃል ውሸት ሆኖ ከተገኘ ጋብቻው እዚያው ይፈርሳል። ዝም እንዳልል፣ አንገቴ ይሰበራል። ብርቱካንን ደግሞ እወዳታለሁ። ከአንገቴ ጋር ሳወዳድራት እንኳ ትበልጥብኛለች… በትንሹ።

ደወልኩላትና አጎቴ ያሉትን፣ እኔም ፈረስ እንደማልችል ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አንተ ብቻ ውጣበት፤ ሌላውን ፈረሱ ያውቃል» አለችኝ። ፈረስ ምን እንደሚያውቅ እኔም ስለማውቅ አልተጽናናሁም።

ቀኑ ደረሰ። ፈረሱ በቀይ ዘርፍ አጊጦ ቀረበ። ሱፌን እንደለበስኩ፣ ሚዜዎቼ ከኋላ እየገፉኝ ወጣሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። እልልታው ቀለጠ። ፈረሱ… አላበደም። ራሱን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ፣ አስፋልቱን ይዞ፣ በሶምሶማ መሄድ ጀመረ። ልጓሙን ብስበው አይሰማ፣ ብለምነው አይሰማ! አጃቢዎቼን ጥሎ፣ በባጃጆቹ መሃል ተሹለክልኮ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከአውቶቡስ የወረዱ አንዲት እናት ድንች የሞላ ማዳበሪያቸውን እግሬ ሥር ዘፍ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ባለ ጋሪ፣ ጋሪህን የት ጥለኸው ነው?»

ከነሙሽራ ሱፌ!

ኦቦ ቶለሳ እያለከለኩ ደረሱ። ሴትየዋን አዩ። ፈረሱን አዩ። ሁለት እጄን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ መለጠፌን አዩ። ለካስ ያ የጭልሞን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ጀግና፣ ባጃጅ ከተማውን እስኪወርር ድረስ ከመናኸሪያ ሰው ሲያመላልስ የኖረ የጋሪ ፈረስ ነው! ኦቦ ቶለሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዝም ካልክ ዝም እላለሁ።»

«ዝም!» አልኩ።

ሴትየዋን ከነድንቻቸው ባጃጅ ላይ አሳፈሯቸው፤ ምስክር እንዳይገኝ መሆኑ ነው። ሠርገኛው ሲደርስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አያችሁልኝ? ይህን የመሰለ እብድ ፈረስ ቀጥ አደረገው!»

«ዱጋዳ! እውነት ነው!» አሉ አጎቴ ኦቦ ደሜ፤ «ደግሞ እኮ ቁርስ አልበላም!»

የጊንጪ ሰው ፈረሱን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ሰንጋው ታርዷል፣ ጠጁ ተጥሏል… ማን አፉን ይከፍታል? አጨበጨበ።

ወደ አምቦ ስንመለስ ብርቱካን መኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ሳቀች።

«እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ ፈረስ ጋሪ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? በፍርሃት ልሞት ነበር እኮ!»

«የአባቴን ጉራ ላንተ ከነገርኩ፣ የናንተን ጉራ ለአባቴ ልነግር ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች፤ «ከዚያ ማን ይጋባል?»