ሁለት መቶ ድምፅ ለአንድ ትኬት

አበሻ ባለሥልጣን የሚመርጠው ጉዳዩን እንዲጨርስለት ነው! አትቆጡ... በመጀመሪያ የምሰድበው ራሴን ነው።

አትላንታ ኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስ የሻትል ሹፌር ነኝ። ያን ሰሞን ከምኖርበት ከስማይርና ወደ ሥራ ስበርር ሦስተኛውን የፍጥነት ትኬት፣ የክስ ወረቀት ማለት ነው፣ ከፖሊስ ተሸለምኩ። ጥፋተኛ ከተባልኩ የጥፋት ነጥቤ፣ ፖይንት የሚሉት፣ ሞልቶ መንጃ ፈቃዴ ይታገዳል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር ምን እንደሚባል እናንተው ሙሉበት። በጣም ፈራሁ።

ይሄኔ የኖርክሮሱ ጋሽ መስፍን ደወሉ። ጋሽ መስፍን የማያውቁት ነገር የለም፤ ያወቁት ነገር ልክ ሆኖ ግን አያውቅም።

«ስማ! ለጆርጂያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት የሚወዳደር ሰውዬ እሑድ እኛ ሰፈር ሬስቶራንት ይመጣል። ድምፃችንን ፈልጎ!»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ ጋሼ?»

«አንተ ሞኝ! የዐቃቤ ሕግ ሁሉ አለቃ እኮ ነው! አንድ ስልክ ካነሳ ትኬትህ አለቀለት። ሁለት መቶ ድምፅ አለን ብዬዋለሁ።»

እኔና ጋሽ መስፍን ባደግንበት አገር ዐቃቤ ሕግ ይሾማል እንጂ አይለምንም። ሊከስህ የሚችል ሰው ክራቫቱን አስሮ «ምረጡኝ» ሲልህ... ልብህ ያብጣል። የኔም አበጠ።

የእህቴን ልጅ ሊያን በአስተርጓሚነት ይዣት ሄድኩ። እዚሁ ያደገች የሕግ ባለሙያ ናት። ነገሩን ስነግራት ግንባሯን ያዘች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አጎቴ! እሱ ትኬት ሃንድል አያደርግም። የስቴቱ ሎየር ነው!»

«አንቺ ዝም ብለሽ አስተርጉሚ።»

ሰውዬው መጣ። በምርጫ ሕግ ላይ ክስ ሲነሳ ስቴቱን ወክሎ የሚከራከረው የዚህ ቢሮ ኃላፊ መሆኑን አስረዳን። ሊያ አስተርጉማ ስታበቃ የራሷን ጥያቄ ጠየቀችው፤ መልሱንም ነገረችን።

«መራጮች ስቴቱን ቢከሱ ከማን ጋር ነህ አልኩት። ከስቴቱ ጋር፣ ጆቤ ነው አለ።»

ተመልከቱልኝ! ነገ ፍርድ ቤት ሊገጥመኝ፣ ዛሬ እኔኑ ምረጠኝ ይለኛል! ክብር ቢኖረኝ ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። እኔ ግን... ትኬቴን ከኪሴ አወጣሁ።

ሊያ ጆሮዋ እስኪቀላ አፍራ አስተረጎመችልኝ። ሰውዬው ወረቀቱን በትሕትና አይቶ መለሰልኝ። ይህ የከተማው ዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፤ እሱን አይመለከተውም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ስንቶቻችሁ ለምርጫ ሪጂስተር አድርጋችኋል ይላል» አለች ሊያ።

ሁለት እጅ ብቻ ወጣ። አንዱ የሊያ ነው። ሌላውን እጅ ያወጣው ለካ ውሃ እንድታመጣለት አስተናጋጇን እየጠራ ነው።

የሁለት መቶው ድምፅ ባለቤት ጋሽ መስፍን ገና በግሪን ካርድ ናቸው! መምረጥ አይችሉም። እኔስ? ዜጋ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ። ግን «ለምርጫ የተመዘገበ ሰው በሰው ላይ ፍረድ ተብሎ ጁሪ ዲውቲ ይጠራል፤ ሥራ አስፈትተው ኮርት ያስቀምጡሃል» ስለተባልኩ ስሜን ደብቄ ኖርኩ። ማን አለኝ? ጋሽ መስፍን!

ሰውዬው ሰዓቱን አየና የቀረበለትን ጥብስ ሳይነካ ሄደ። አልፈረድኩበትም።

በመጨረሻ ያዳነችኝ ሊያ ናት። «ድራይቪንግ ክላስ ውሰድ፣ ፖይንት ይቀንስልሃል» አለችኝ። ቅዳሜዬን ሰውቼ ተማርኩ፤ መንጃ ፈቃዴም ተረፈ። ምርጫው ያለ እኛ ሁለት መቶ ድምፅ ተካሂዶ አለቀ፤ የት ናችሁ ያለን የለም።

ከወር በኋላ ከኮርት ደብዳቤ መጣልኝ... ጁሪ ዲውቲ!

«አልተመዘገብኩም እኮ!» ብዬ ሊያ ላይ ጮኽኩባት።

«አጎቴ፣ ስም የሚወስዱት ከመንጃ ፈቃድም ነው።»

ያ ስንት የተዋረድኩለት መንጃ ፈቃድ! ይኸውላችሁ፣ ድምፅ ላለመስጠት ስድስት ዓመት የተደበቅሁት ሰውዬ፣ ዛሬ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብዬ በሰው ላይ ልፈርድ ኮርት ተጎልቻለሁ። ከፊቴ አንድ ዐቃቤ ሕግ ክራቫቱን እያስተካከለ ፈገግ ይልልኛል... እሱም የሚፈልገው ድምፄን ነው!