የካባው መንገድና ሁለቱ ማመልከቻዎቼ

ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ሰላም የለውም፤ የሰፈሩ አቤቱታ ሁሉ እሱ ቤት ነው የሚያድረው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የድንጋይ ካባው ገልባጭ መኪኖች የሚመላለሱበት ጥርጊያ መንገድ ዳር ነው። ካባው ትንሽ ነው ይላሉ። ሱቄን ከምከፍትበት እስክዘጋ ድረስ መኪናው የማያልቅ፣ ምን ዓይነት ትንሽ ነው?

መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ አደረጉት። የጎረቤቴን የአዴ ዘይነባን ምራት ምጥ የያዛት ቀን፣ ባጃጅ ለምነን ወደ ጅማ ስንጣደፍ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ቀረን። አዴ ዘይነባ እኔንና ባለባጃጁን አስወርደው ሸራውን ጋረዱ። ከኋላ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ኮቴን አውልቄ እያውለበለብኩ መሀል መንገድ ቆምኩ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ምን ሆናችሁ አለኝ።

"እየወለደች ነው" አልኩት።

"ታዲያ ዳር ይዛ አትወልድም?"

አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። በማግስቱ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ፈረመበት። የካባው ኃላፊ ትሁት ሰው ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ። ሳምንት ሳይሞላ በራሱ ጠጠር ጉድጓዱን ሁሉ ደፍኖ፣ ደምድሞ ሰጠን። መረቅነው። እኔማ የብዕሬን ኃይል በየሱቁ እየዞርኩ አወራሁ።

ለካ መኪኖቹን የያዛቸው ያ ጉድጓድ ኖሯል። መንገዱ ሲስተካከል ይበሩ ጀመር፤ ቁጥራቸውም በዛ። በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አቧራ አለበሱት። እኔም ነጭ ልብስ መስፋት ተውኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ለአራሷ የምትታለበውን ላም ገጭቶ ሳይቆም ሄደ። አዴ ዘይነባ አላለቀሱም። ገመዱን ከሞተችው ላም አንገት ፈትተው፣ ጠቅልለው ይዘው ሱቄ መጡና ተቀመጡ። 

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ጻፍልኝ" አሉ።

"ምን ብዬ፣ እናቴ?"

"ጉድጓዱን መልሱልን በል።"

እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። "ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ቀድሞ የነበሩት ጉድጓዶች በየቦታቸው እንዲመለሱልን በትሕትና እንጠይቃለን" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ልጅቱ ነገ ትድሃለች፣ ከነገ ወዲያ ከደጅ ትወጣለች፤ የአዴ ዘይነባ በር ደግሞ የሚከፈተው ወደ መንገዱ ነው።

ኃላፊው አሁንም ተነስቶ ተቀበለኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አልሳቀም። ስለ ላሟም ከልቡ አዘነ። ከዚያ በመስኮቱ የተሰለፉትን መኪኖች አየና፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

"ለዚህስ ማመልከቻም አያስፈልግም" አለኝ፤ "መንገዱ በዚህ ጭነት ክረምቱን አያልፍም፣ ጉድጓዱ በራሱ ይመለሳል። እስከዚያ ልጅቷን ከቤት አታስወጧት።"