የጡቡ ቤት የጓሮ በር ጉዳይ

ቀን፦ ቅዳሜ መስከረም 13 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.)
ቦታ፦ ስዊድን አገር፣ ቮርቢ ጎርድ አጠገብ፣ አንድ ስዊድናዊ ባለፋብሪካ ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ባላባት ቤት አምሳል ያሠራው የቀይ ጡብ ቤት፣ አዳራሽ ውስጥ

የተገኙ፦
አቶ ባዩ፣ ሊቀ መንበር (ከወንጌላውያን)
ወ/ሮ ደሚቱ (ከወንጌላውያን)
አቶ ሽፈራው፣ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ (ከኦርቶዶክስ)
አቶ ብርሃነ ሥላሴ፣ የአረጋውያን ተወካይ (ከኦርቶዶክስ)
ወ/ሮ ዓለምፀሐይ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው፣ አቶ ብርሃነ ሥላሴ የፊት ለፊቱን አሥራ አራት ደረጃ ወጥተው እስኪጨርሱ ሃያ ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው።

መነሻ፦ ኮሙኑ (የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) ቤቱን ለሁለቱም ወገን ኢትዮጵያውያን ምእመናን የአረጋውያን መዋያ እንዲሆን ሊሰጥ ነው። እስከ ሰኞ መልስ ካላገኘ ለውሻ አሠልጣኞች ማኅበር ይሰጣል። ሃያ ሁለቱ አረጋውያን እስካሁን የሚውሉት ፋርስታ ገበያ ማዕከል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ በር

አቶ ሽፈራው የቤቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑንና ለሁለቱ ወገን ለመካፈል እንደሚመች፣ የፊቱ በር ለቤቱ ጌታ፣ የጓሮው የማድ ቤት በር ለአሽከሮች መሠራቱን አስረዱ። አቶ ባዩ፣ «አሥር ዓመት የሰው ቢሮ ያጸዳነው በአሽከር በር ለመግባት አይደለም» አሉ። ወ/ሮ ደሚቱ ደገፉ። አቶ ብርሃነ ሥላሴ የጓሮው በር ደረጃ እንዳለው ጠየቁ። እንደሌለው ተነገራቸው፤ ጥያቄው ግን ከክብር ጋር አይያያዝም ተብሎ ታለፈ። ከረጅም ውይይት በኋላ የጓሮው በር በጡብ እንዲደፈን ተወሰነ። ጡቡ እንደ ነባሩ ግድግዳ አንዱ ረድፍ በርዝመቱ፣ አንዱ ረድፍ በጫፉ እንዲደረደር አቶ ሽፈራው ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጭስ ማውጫዎች

ሰባት ናቸው። ሦስት ሦስት ከተካፈሉ በኋላ ሰባተኛው አከራከረ። ወ/ሮ ደሚቱ በቁጥር እኛ እንበልጣለን አሉ፤ አቶ ሽፈራው በዕድሜ እኛ እንቀድማለን አሉ። ከሰባቱ ስድስቱ ለጌጥ የተሠሩና ከሥራቸው ምድጃ የሌላቸው መሆኑን ያው አቶ ሽፈራው ቢገልጹም ክርክሩ አልበረደም። ከረጅም ውይይት በኋላ ሰባተኛው በየሳምንቱ እንዲፈራረቅ ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። አቶ ባዩ፣ «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» አሉ። ተጽፏል። አቶ ብርሃነ ሥላሴ ግን፣ «እስቲ ንገሪን፣ ልጄ» አሏት።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ ዛሬ ጠዋት የተሰጣትን የኮሙኑን ደብዳቤ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። ቤቱ ቅርስ ስለሆነ የፊቱ በር፣ አዳራሹና ጭስ ማውጫዎቹ አይሰጡም፤ የሚሰጡት በጓሮው በር የሚገባባቸው ማድ ቤቱና ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። አቶ ባዩ ደብዳቤው ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተነበበ ጠየቁ። ወ/ሮ ደሚቱ ከሰኔ ጀምሮ በራሳቸው በአቶ ባዩ ቦርሳ ውስጥ እንደነበረ አስታወሷቸው።

አቶ ባዩ ሕዝቡ ምን ይለናል የሚል ሥጋት አቀረቡ። አቶ ብርሃነ ሥላሴ፣ «ባዩ፣ ልጄ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነፍሴ የተረፈችው በጓሮ በር ወጥቼ ነው። ዛሬ በጓሮ በር ገብቼ ብቀመጥ ምን እሆናለሁ? የፋርስታው አግዳሚ ወገቤን ጨረሰው» አሉ። ተቃውሞ ያቀረበ የለም።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ የጓሮው በር እንዳይደፈን፤ ማንም ወገን የጭስ ማውጫ ባለቤት እንዳይሆን፤ ለኮሙኑም ሰኞ ጠዋት «ተቀብለናል» ተብሎ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡40 ሲሆን ተበተነ። አባላቱ አቶ ብርሃነ ሥላሴን ተከትለው በጓሮው በር ወጡ። አቶ ባዩ በዚያ የወጡት መኪናቸው በዚያ በኩል ስለቆመ ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብ አሳሰቡ። ተመዝግቧል። መኪናቸው የቆመው ግን ፊት ለፊት ነው።