ፊቱን ባላየሁት ሰው ቀናሁ

ቅናትም ወግ አለው። ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ ይህ ያለና የነበረ ነው፣ ሽማግሌም ይገባበታል። ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፤ ይህም ያስተዛዝባል እንጂ አያስደንቅም፣ በተለይ የራሱ በሬ እርሻ መሀል የሚተኛበት ከሆነ። በእኛ በጋይንት ደግሞ በድምፅም ይቀናል። ማሕሌት ላይ አንዱ ድምፁን ሲያወጣው ሌላውን ድንገት ጉሮሮውን የሚያመው በብርዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ሁሉ ቅናት ግን የሚቀኑበት ሰው ቢያንስ ፊት አለው። ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አፍንጫው ጎራዳ መሆኑን አይታችሁ ትንሽ ትጽናናላችሁ። እኔ የቀናሁት ግን ፊቱን አይቼው በማላውቅ፣ አገሩንና ዘመዱን በማላውቅ ሰው ነው። መጽናኛ የሚሆን አፍንጫ እንኳ አላገኘሁለትም።

ነገሩ የሆነው ስማርት ስልክ የአርብ ገበያን ከተማ ባጥለቀለቀባቸው ዓመታት ነው። እኔ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ የማስተምረውም ኮምፒውተር። ኮምፒውተር አስተምራለሁ ስላችሁ ኮምፒውተር ነበረ ማለቴ አይደለም። መብራት ሲመጣ እነሱ ይታመማሉ፣ እነሱ ሲድኑ መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ የቴክኖሎጂ እውቀቴን የማውለው በስልኬ ላይ ነበር፤ እሱም ፌስቡክ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በመጨቃጨቅ።

አንድ የክርክር ቡድን ነበረን። ከወገዳ የሚጽፍ አለ፣ ከእስቴ አለ፣ ከዓረብ አገር አለ፣ ከየት እንደሚጽፍ የማይታወቅም ብዙ ነው። የምንከራከረው በሦስት ነገር ነው፤ ስለ ሃይማኖት፣ ዘንዶና ጠንቋይ ስለሚበዛባቸው የፈረንጅ ፊልሞች፣ ስለ ቴክኖሎጂ። ሦስቱ ደግሞ ሲቀላቀሉ ነው የሚጣፍጡት። ክርስቲያን የዘንዶ ፊልም ማየት ይገባዋል ወይ? ስልክ ላይ ያለ ዳዊት እንደ መጽሐፉ ይሳለሙታል ወይ? ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ ሽንት ቤት መግባትስ? ሰው ሥራ የለውም እንዳትሉ። ሥራ የሌለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላው ሥራውን ትቶ ነው የሚመጣው።

በዚያ ቡድን ውስጥ፣ ትምክህት አይሁንብኝና፣ ስም ነበረኝ። ጽሑፌ ረጅም ነው። መግቢያው ላይ የግእዝ ጥቅስ አይጠፋም። ከእስቴ የሆነ አንድ ወጣት ደግሞ ጽሑፌ እንደወጣ፣ ሳያነበው፣ «አሜን» ይልልኛል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ ያ ሁሉ አሜን እራት ባይሆነኝም ጠግቤ እተኛ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን «ባይተዋር» የሚባል ሰው መጣ። ፎቶው ላይ ያለው ባዶ መንገድ ነው። የሚጽፈው ሁለት ሦስት መስመር፤ ከዚያ ዝም። እኔ እንደ ክረምት ጎርፍ ስወርድ እሱ አንዲት ጠብታ ጠብ ያደርጋል። ይሁን፣ ቡድኑ ቢወደውም ግድ አልነበረኝም። ግድ የሆነብኝ አባቴ ሲወዱት ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር፣ የድጓ ዜማ ያስተምራሉ፤ ከየአገሩ የመጣው ተማሪ «የኔታ» እያለ እግራቸው ሥር ይቀመጣል። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ተኝተዋል ስትሉ፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል አንዱ አንዲት የዜማ ምልክት ሲዘል መቋሚያዋ ድንጋዩን ኳ ታደርጋለች። ማን እንደዘለለም ዓይናቸውን ሳይገልጡ በስሙ ይጠሩታል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ድጓውን ጀምሬ ሳልጨርስ ወደ አስኳላው ኮበለልኩ። አልተቆጡኝም። ግን ጎሽ ብለውኝም አያውቁ። ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ደረሰ፤ ለእኔ አልተረፈም።

ክፋት አይደለም። በእኛ አገር ልጅን በፊቱ አያመሰግኑም። እናቴ ዓይን ይበላዋል ትላለች፤ አባቴ ልቡ ያብጣል ይላሉ። ጎሽ የሚባለው የሰው ልጅ ነው። የራስህንማ ዝም ትለዋለህ፤ ዝም ካልከው ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ማወቅ ግን መፈለግን አይከለክልም። ከአባቴ አፍ አንዲት ጎሽ ፈለግሁ፤ በዕድሜዬ ሁሉ የፈለግሁት እሷን ነው።

ታዲያ ምን ዘየድኩ መሰላችሁ? አባቴ ዘንድ ኔትወርክ የለም። ሳምንቱን የተከራከርኩትን ስልኬ ላይ በፎቶ እያስቀረሁ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተ ልሔም እወጣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ወይራዋ ሥር ቁጭ ሲሉ አነብላቸዋለሁ። ልጃቸው በቤተ ክርስቲያን ነገር ከዓለም ጋር ሲሟገት ይስሙ!

የመጀመሪያው እሑድ ክርክሩ ስለ ዘንዶ ፊልም ነበር። የራሴን አነበብኩ፤ በገሃነም ጀምሬ በገሃነም ጨረስኩ። አባቴ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። መቋሚያዋም ዝም። ከዚያ፣ ያው ለማሳፈር ብዬ፣ የባይተዋርን መልስ አስከተልኩ። እንዲህ ይላል፦ «ፊልሙን ጨርሰህ ስትወጣ ራስህን እየው። ጎረቤትህን ጠልተህ ከወጣህ ፊልሙ ክፉ ነው። ግን ከቅዳሴም እንዲህ ሆኖ የሚወጣ አለ።»

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገምኩ። ምን ላድርግ? እኔን በተማሪነቴ ድገም የሚሉኝ ስሳሳት ብቻ ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ከማን ነው የተማረው?»

«አላውቀውም አባባ። ማንም አያውቀውም።»

«ካንድ ትልቅ ሰው እግር ሥር ተቀምጧል። ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ መናገር፣ ነገር ሳያበዙ።»

ያቺን ጎሽ ሰማችኋት? እኔ ተሸክሜ ባመጣሁት ስልክ፣ እኔ በከፈልኩበት ኔትወርክ፣ በእኔው አፍ ተነብቦ፣ ለሰው ሄደች። ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም የሚለውን አውቃለሁ፤ ነቢዩ ለሌላ ነቢይ አንባቢ ይሆናል የሚል ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» ሆነ ሰላምታው። እናቴ ሳትቀር «አግብቷል?» አለችኝ። የተማሪዎቹ ታላቅ የሆነው፣ ጢሙ የሸበተ ደብተራ እንኳ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ምን አለ?» እያለ ይጠጋል። እኔም ምን እንዳልኩ የሚጠይቅ ያለ መስሎኝ ስጠብቅ፣ ሰማዩን አይተው ስለ ገብሱ ያወራሉ።

ቀናሁ። ደብቄ ምን አገኛለሁ? እህል አልወርድ እስኪለኝ ቀናሁ። አርብ ገበያ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን አይቶ ፈገግ ያለ ሰው ሁሉ እሱ ይመስለኝ ጀመር። የራሱ አባት የሉትም? ሂድና ለእሳቸው ጻፍ! የኔን ለቀቅ!

ስለ ስልኩ ዳዊት የተነሣው ክርክር የመጣው በዚህ መሀል ነው። በዚያ ሳምንት፣ ቅናት ይሁን መንፈስ ቅዱስ አላውቅም፣ እኔም አሳጥሬ ጻፍኩ። «ዳዊት የያዘ ሁሉ ቅዱስ ቢሆን ኖሮ» አልኩ፣ «የአባቴ አህያ ቀድማ ትቀደስ ነበር፤ የመጻሕፍቱን ኮሮጆ ተሸክማ ስንት ቁልቁለት ወርዳለች። ግን አንድም ቀን ከሰው ማሳ ውጪ ሆና አላየናትም።» ባይተዋር ደግሞ «መሳለሙስ አይቸግርም፤ ያቃተን ማንበቡ ነው» ብሎ መለሰ።

ቅዳሜ ወደ ቤተ ልሔም እየወጣሁ ሳለ ሰይጣን፣ ወይም ቅናት፣ ዞሮ ዞሮ ያው ናቸው፣ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። አባቴ ስልኩን አያዩትም፤ የሚሰሙ ናቸው። ታዲያ ስሞቹን ባቀያይራቸውስ? የሱን የኔ፣ የኔን የሱ ብዬ ባነብስ? የሱን ቃል ስናገር አንድ ጊዜ እንኳ ጎሽ ብባል ምን ይጎድልበታል?

እሑድ ደረሰና አነበብኩ። «እኔ እንዲህ አልኩ» ብዬ የባይተዋርን ቃል አስቀደምኩ። አባቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ደህና» አሉ። ደህና! ያው ቃል በባይተዋር ስም ቢነበብ እኮ ድገመው ያሰኝ ነበር። በእኔ ስም ሲሆን ደህና ሆነ። በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ተስፋ ቆርጬ፣ «ባይተዋር ደግሞ እንዲህ አለ» ብዬ የራሴን የአህያዋን ነገር አስከተልኩ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁ፤ ነጠላቸው እስኪወድቅ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። መቋሚያዋን ድንጋዩ ላይ ኳ ኳ አደረጓት። ያ ጢሙ የሸበተው ደብተራም አብሮ ሳቀ።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! ይኼማ ከአንደበቱ ማር ይፈሳል!» አሉ። «ስማ፣ የክርስትና ስሙን ጠይቅልኝ። በጸሎት ላስበው እፈልጋለሁ።»

የክርስትና ስም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ገበያ የሚጠራበት አይደለም። ንስሐ አባትና ወላጅ የሚያውቁት፣ በጸሎት ፈጣሪ ፊት የሚቀርብበት ስም ነው። አባቴ ስሙን ጠየቁ ማለት ሰውየውን ቤተ ዘመድ አደረጉት ማለት ነው። ያን ሁሉ ያመጣው ደግሞ የእኔ የአህያ ቀልድ ነው። ጎሹም የኔ ነበር፣ ሳቁም የኔ ነበር፤ ግን «የኔ ነው» ብዬ እንዳልነጥቅ በገዛ አፌ ለሰው ሰጥቼዋለሁ። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ ይባላል፤ እኔ ግን የዘረፍኩት ራሴን ነው። እስከዚያ ቀን በሰው ነበር የምቀናው። ያን ዕለት በራሴ ቀናሁ።

ሳምንቱን ለባይተዋር አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ቅዳሜ ስደርስ አባቴ ወይራዋ ሥር ብቻቸውን ነበሩ።

«ስሙን አመጣህ?»

«አልነገረኝም አባባ።»

«ግድ የለም» አሉ፣ መቋሚያቸውን እያስተካከሉ። «እኔስ ሳምንቱን ሙሉ ‹ወልደ ሰንበት› እያልኩ አስቤዋለሁ።»

ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። «እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«ከነመጻሕፍቷ ቤተ ልሔም የገባች፣ የሰው ማሳ የማትምር አህያ ስንት ታውቃለህ? የተካሰስኩባት እኔ አይደለሁም?» አሉ። «ደግሞ የራስህን ስታነብ ትፈጥናለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? የሰው ልጅ ሆነህ መጣህ። የሰው ልጅ ደግሞ ይመሰገናል።»

እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ እግራቸውን ስማችሁ ዝም ትላላችሁ። እኔም ስሜአለሁ። ግን ቅናት እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ደዌ አይደለምና፣ ትንሽ ቆይቼ «የፊት የፊቱስ? የዘንዶው?» አልኩ።

«እሱማ የሱ ነው። ምን ብዬ ልንጠቀው?» አሉ። «እንዲያውም የሱንም ስም ጠይቀህ አምጣ። በሰው ስም ስንስቅ ሰንብተን ባንጠይቀው ነውር ነው።»

ሰኞ ጻፍኩለት። አባቴ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፣ የምትጽፈውን እሑድ እሑድ ይሰሙታል፣ በጸሎት ሊያስቡህ የክርስትና ስምህን ፈልገዋል አልኩት። ያ ለሁሉ ነገር ፈጣን መልስ ያለው ሰው ዝም አለ። በማግስቱም ዝም። አርብ፣ ገበያው መሀል ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸች።

«ገብረ ኪዳን ነኝ» ይላል። «ስሜን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ረስቼው እናቴን ደውዬ ነው የጠየቅኋት። አባቴን አላውቃቸውም። የምትጽፈውን ቁጭ ብሎ የሚሰማ አባት እንዳለህ ባውቅ ኖሮ እንዲያ አልከራከርህም ነበር። ቀናሁብህ።»

እዚያው አህያና በግ መሀል ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እሑድ ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ገብረ ኪዳን፣ ገብረ ኪዳን» አሉ ቀስ ብለው፣ እንዳይረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎታቸው ሁለት ስም ይነሣል። ማን እንደሚቀድም አልጠየቅሁም። ይቅርታ፣ ጠይቄአለሁ፤ እሱ ነው የሚቀድመው፣ እንግዳ ስለሆነ።

መልእክቱንም ሳልቀይር፣ ሳላቀያይር፣ እንዳለ ነው ያነበብኩላቸው። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ዘለልኳት። መቋሚያዋ ኳ ትል እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ። ዝም አለች። ያቺን ቃል ለራሴ አስቀረኋት።