የኡስታዙ ንድፈ ሐሳብና የእኔ ካፉሪ

ሰው ሲተች መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን አለ?» ሳይሆን «ማን ላከው?» ብለን ነው። በማን አኩርፏል፣ የማን ወዳጅ ነው፣ ምን ቀርቶበታል እያልን ተቺውን ከነዘመዶቹ ስንመዝን፣ ነገሩ ራሱ ሳይመዘን ይመሻል። እኔ ከዚህ ነጻ ነኝ አልላችሁም። እንዲያውም ዓይን አፋር ባልሆን ኖሮ ድሮ የምነግራችሁ ጉድ አለኝ።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ ጣኢፍ ሰፈር፣ «ኡስታዝ» የምላቸው አንድ የሶሲዮሎጂ መምህር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አገሬ ሳለሁ እኔም ያንኑ ትምህርት ስለተማርኩ፣ ኡስታዙ ሻይ ሳቀርብላቸው ጨዋታ ይጀምሩኛል። «ስደተኛ በባዕድ ከተማ ካገሩ ልጅ ሌላ የሚያምነው የለም» የሚል ንድፈ ሐሳብ ነበራቸው፤ መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው ግን «አብረው ይበላሉ እንጂ አይተማመኑም፤ የሚሠሩበትን ቤት እንኳ ይደባበቃሉ» ብላ ጻፈችባቸው።

«እድገቷን የከለከልኳት መስሏት ቂም ይዛ ነው» አሉኝ። «አንቺ ፍረጂ፣ ልጄ። እውነት ካላት፣ ወላሂ ምዕራፉን አወጣዋለሁ።»

ትሪዬን ይዤ ቆምኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ሠራተኞች ሆነን ካላክላ ሰፈር በጋራ የተከራየናት ክፍል አለችን፤ ጁምዓ ዕረፍት ስንወጣ እዚያ እንሰበሰባለን። ካንድ ትሪ እንበላለን፣ የሚሠራበትን ቤት ግን ማንም በትክክል አይናገርም። ጥሩ ቤት መገኘቱ ከተሰማ «ከእሷ ባነሰ እሠራለሁ» ብላ በሩን የምታንኳኳ አትጠፋማ። እኔ ወንዝ ማዶ ካፉሪ ሰፈር ነው ብያቸዋለሁ። ውሸቴ እንዲጸና ስንለያይ ካፉሪ ወዳለበት ወደ ባህሪ ከተማ በሚሄደው ሃፍላ፣ በአውቶቡሱ፣ እሳፈራለሁ፤ ወንዙን ተሻግሬ እወርድና በሌላ አውቶቡስ ወደ ጣኢፍ እመለሳለሁ። ዓመታት እንዲሁ።

እንግዲህ ልመዝን። ተማሪዋ ቂም ይኖራት ይሆናል፤ ቂመኛ ሁሉ ውሸታም ነው ያለ ግን የለም። ኡስታዙም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ወባ የጣለኝ ጊዜ ተራ ገብተው ያስታመሙኝ እነዚያው ሴቶች ናቸው። በሬሳዬ አምናቸዋለሁ። በሥራዬ አላምናቸውም።

ብፈርድ ግን ራሴው ምስክር መሆኔ ነው። ምናልባት እኔ ብቻ እሆናለሁ የምጠረጥረው ብዬ፣ በቀጣዩ ጁምዓ ካላክላ አብረን ስንበላ፣ እንጀራዬን ልነጠቅ እችላለሁ እያልኩም፣ ዓይኔን ትሪው ላይ ተክዬ «የምሠራው ካፉሪ አይደለም፤ ጣኢፍ ነው» አልኩ።

ታላቃችን እትዬ ብርቄ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡና፣ «ካፉሪ ደመወዝ ጨመሩልሽና ልታርቂን ነው?» አሉኝ። ተሳቀ። በሳምንቱ ከሴቶቹ ሁለቱ ካፉሪ ውስጥ በር ሲያንኳኩ ታዩ ተባለ።

ለኡስታዙ «ንድፈ ሐሳብዎ ለበሽታና ለሞት ልክ ነው፤ ለሥራ ግን ተማሪዎ እውነት አላት» አልኳቸው።

«ከእሷ ጋር ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉኝ።

ምዕራፉ እንዳለ ታተመ። በሁለት ቤት ሁለት እውነት ተናገርኩ፤ ያመነኝ የለም። ለእናንተ የነገርኳችሁ ሦስተኛው ነው። አሁን የት እንደምሠራ ግን አትጠይቁኝ።