ሦስት እግር ያለው ሳጥን በቁሐር ሜዳ

ሁለት እግር ያለው ሰው ነው፤ አራት እግር ያለው ከብት ነው፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ሜዳ ላይ ተተክሎ ካያችሁ ግን ምንነቱ እስኪታወቅ ባትጠጉት እመክራለሁ። በርጩማስ ትሉኝ ይሆናል። በርጩማ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ ቆሞ ሰው አያይም። እኔ የምለው ቆሞ የሚያየውን ነው። በእኛ በፎገራ ሜዳ እንዲህ ያለው ነገር ሲተከል ከኋላው ቀያሽ አለ፤ ከቀያሹ ኋላ ወይ መንገድ ይመጣል፣ ወይ ከተማ ይመጣል፤ ማንኛቸውም ቢመጡ የሚሄደው መሬት ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። እኔ ይህን ተረት እንደ ጸሎት ነው የያዝኩት። በሬን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ ገፋ አድርጌ ሳላየው ገበያ አልደርስም። ዝናብ በሌለበት ወር ጥላ እይዛለሁ፤ ለምን ያዝክ የሚለኝ ሰው እንዳይገጥመኝም እፈራለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ካሜራ ሠሪና ሻጭ ሊሆን ቻለ? ጥያቄው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቴም እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

እኔ ወረታ የምኖር አናጢ ነኝ። የብረት በርና የፕላስቲክ ወንበር ከመጡ ወዲህ የእንጨት ሥራ ቀዝቅዟል። ሲሳይ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ጎረቤቴ ሆነና፣ አንድ ቀን ስልኩ ላይ የሳጥን ሥዕል አሳየኝ። በፊልም የሚሠራ ትልቅ ካሜራ ነው አለኝ፤ ፊልሙም እንደ ድሮው ጥቅልል ሳይሆን እንደ ደብተር ገጽ ሰፊ ነው። የውጭው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፤ እኛ ግን በዋንዛ እንሠራዋለን፣ አቅም ለሌለው ፎቶ አንሺ በርካሽ እንሸጣለን አለ። «ጋሽ እንየው፣ እርስዎ ሳጥኑን ይሥሩ፤ ዓይኑን እኔ አመጣለሁ» አለኝ። ዓይን አመጣለሁ የሚል ሰው አያስፈራም?

ዓይኑ ከተበላሸ የፎቶ ኮፒ ማሽን የተፈታ መስታወት ሆኖ አረፈው። እንደ ወናፍ የሚዘረጋውን አንገቱን ከስስ የፍየል ቆዳ ሰፋሁ። ፊልሙማ ከሁሉ የባሰ ነው። እውነተኛው ስለማይቀመስ መምህሩ የራጅ ፊልም ገዝቶ መጣ። የሰው ሳንባና የተሰበረ እግር በሚነሣበት ነገር ጤነኛ ሰው ማንሣት ሟርት እንዳይሆን ብዬ ብጠይቀው፣ ብርሃን ያው ብርሃን ነው ብሎ ሳቀ። አንሺው የሚከናነበውን ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ባለቤቴ ለወንድሟ ሐዘን ለብሳው ከነበረው ቀሚስ ቀደድን። «ደግ ነገር አይመጣበትም» ብላ ሰጠችን። አልሰጥም ብትል ይሻለኝ ነበር።

ሳጥኑ አለቀ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለ ፎቶ ቤት ሳጥኑን ሊገዛ ፈቀደ፤ ግን መጀመሪያ በሳጥኑ የተነሣ አንድ ፎቶ አሳዩኝ አለ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን በሬውን ሳይጠመድ አልገዛም። መምህሩ ታዲያ ቁሐር ሚካኤል እንሂድ አለ፤ ሜዳው ሰፊ፣ ብርሃኑ ሙሉ፣ ሩዙም የደረሰ ነው። ቁሐር ልጄ የሺ የተዳረችበት አገር ነው። አማቷ አያ ተገኘ ከጎረቤታቸው ከአያ ሙጬ ጋር በሩዝ ማሳ ወሰን ተጣልተው ነገሩ በሽማግሌ እጅ ነበር። በዚህ መሃል የተገኘ ምራት አባት ከከተማ መሣሪያ ይዞ መጣ ቢባል፣ የሺ በዚያ ቤት በምን ፊቷ ትኖራለች? ይፋግ ገበያ አይሻልም ወይ ብዬ ለመንኩት። ገበያተኛ አይቆምልንም አለኝ። ሳጥናችን እንደ ስልክ ቀጭ አድርጎ የሚያነሣ አይደለም፤ የዓይኑን ክዳን በእጅ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ቆጥሮ፣ መልሶ መክደን ነው። በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶው ላይ ጭስ ይሆናል። አብዝቶ የተንቀሳቀሰማ ጨርሶ አይታይም።

በባጃጅ ሄድን። የክረምቱ ውኃ ገና አልጠፋም ነበርና ሦስቱ እግሮች የማይሰምጡበት ደረቅ ቦታ ፈልገን ፈልገን ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከማሳ ማሳ የሚለየው ድንበር። የማንና የማን ድንበር እንደሆነ መናገር ያስፈልገኛል? ለመምህሩ ነገርኩት። ቶሎ አንሥተን እንሄዳለን አለና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነበ።

በቀን ብርሃን ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ጎንበስ ያለ ሰው ከሩቅ ምን ይመስላል? ለአያ ሙጬ መሬት የሚለካ መሰላቸው። ጮኹ። አጫጆቹ ሩዙን ጥለው መጡ። ማጭድ በእጃቸው ነበር። ማጭዱ ለሩዝ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ አንገቴ ግን አላወቀም። አያ ተገኘም መጡ፤ የሺም ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። አያ ሙጬ ወደ ተገኘ ዞረው፣ «በሽማግሌ ሲያቅትህ በአማችህ መጣህ? ቀያሽ አስመጥተህ ልታስከልለኝ?» አሏቸው። አያ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። «አያ እንየው፣ ይኸን ሳትነግሩኝ?» አሉኝ። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የልጄን ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን መምህሩ ከጨርቁ ሥር፣ «ጋሽ እንየው፣ ሰዎቹ ጥሩ ገብተዋል፤ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ» ይላል። ተምሮ የማይፈራ ሰው እንዲህ ነው። ኋላ ብቅ አለና ስለ ብርሃን አካሄድ ማስተማር ጀመረ። ማንም እንዳልገባው ሲያይ፣ እንግዲያው ገብታችሁ እዩት ብሎ አያ ሙጬን ወደ ጨርቁ ጋበዛቸው። እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁና ልከለክል እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ከሳጥኑ ኋላ ያለው ፍዝ መስታወት ሁሉን ነገር ዘቅዝቆ ነው የሚያሳየው። ላሞቹ ከላይ ተንጠልጥለው ሲግጡ ይታያሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለካ በዓይን የሚታይ ነገር ኖሯል።

አያ ሙጬ ከጨርቁ ሥር ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር። «መሬቱን ወደ ላይ ወስደውታል» አሉ። «ለእኛ የተዉልን ሰማዩን ነው።»

ሰዉ ወደ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሲሰብሩት ታየኝ፤ ከሳጥኑ ቀጥሎ የሚሰበረውም ታየኝ። እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን ተከፍቶ ነው። «እኔ አናጢው እንየው ነኝ» አልኩ። «የሺ የተዳረችበትን አልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይኸንንም ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ማንሻ ነው። ቀያሽ መሬት ወስዶ ይሄዳል እንጂ ፎቶ አንሥቶ ይሰጣል? ቁሙና ተነሡ፤ ፎቶውን ለየቤታችሁ ባላመጣ ልጄ እናንተው ዘንድ ናት።» ልጄን መያዣ ማድረጌ የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው።

አያ ሙጬ አሰቡ። «እንግዲያ እኔን በመሬቴ ላይ አቁማችሁ አንሡኝ፤ ለሽማግሌ ማስረጃ ይሆነኛል» አሉ። አያ ተገኘም፣ «እኔንም በመሬቴ ላይ» አሉ። ሁለቱም አንዱን ድንበር ረግጠው ቆሙ። አጫጆቹ ከኋላ ተደረደሩ። እንዳይያያዙ መሃል የሚገባ ሰው ተፈለገ፤ የሁለቱም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። «አንቱ ግቡ፤ ነገሩን ያመጣችሁት አንቱ» አሉኝ አያ ሙጬ። ገባሁ። በግራ ዱላ፣ በቀኝ ዱላ፣ ከኋላ ማጭድ፣ ከፊት ደግሞ የፎቶ ኮፒው ዓይን።

መምህሩ ማንም እንዳይነቃነቅ ብሎ ክዳኑን ከፈተ። ያን ጊዜ አያ ሙጬ ዱላቸውን አንሥተው፣ የኔ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ነው ብለው አሳዩ። አያ ተገኘ፣ ከየት አባቱ ብለው እስከዚያ ድረስ ሄደው ተመለሱ። አጫጆቹም ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ እያለ ያስረዳ ጀመር። እኔ ልሮጥ ፈልጌ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። አልተነፈስኩም፤ ዓይኔንም አላርገበገብኩም። መምህሩ ከደነና አመሰገነን። ሳንመታ ወረታ ገባን።

ፎቶው ታጠበ። መምህሩ አይቶ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። አያ ሙጬ ጭስ ናቸው፤ አያ ተገኘ ጭስ ናቸው፤ አጫጆቹ የማለዳ ጉም መስለዋል። በዚያ ሁሉ ጉም መሃል፣ ሽማግሌ በያዘው መሬት ላይ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ ፀጉሬ ሳይቀር እየተቆጠረ፣ ጉብ ብዬ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። የባሕር ዳሩ ሰው እንዲህ ያለ ጥራት አላየሁም ብሎ ሳጥኑን ገዛ፤ ሌላም አዘዘ። እኔ ፎቶው ተሸሽጎ እንዲቀር ለመንኩ። መምህሩ ግን ቃል ቃል ነው ብሎ ራሱ ቁሐር ወስዶ ለሽማግሌዎቹ ሰጣቸው።

በሳምንቱ የሺ መጣች። ፊቷ በርቷል። አማቷና አያ ሙጬ ታረቁ አለችኝ፤ እሷም ቤቷ በሰላም ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ የመጣችበትን ነገረችኝ። መሬቱ ከሁለቱ የማን እንደሆነ ገና አልተቆረጠም፤ የእኔ አለመሆኑን ግን ሁለቱም በአንድ ቃል ተስማምተዋል። ማስረጃው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሽማግሌዎቹ ሌላ ሳጥን ሠርቼ እንድመለስ ፈርደዋል። እነሱ ሳይነቃነቁ ይቆማሉ፤ እኔ ክዳኑ እስኪዘጋ ድረስ በድንበሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እሮጣለሁ። ያን ቀን በነጻ ልሮጥ እግሬ እምቢ ያለኝን ሩጫ፣ አሁን በፍርድ ታዘዝኩት።